አራተኛው ቤት

ጥር 24

ሄኖክ ዛሬ ምሳ ላይ ነገረኝ። ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ «እማዬ፣ ላገባ ነው» አለ። እልል ልል አፌን ከፍቼ «የማንን ልጅ?» አልኩት።

«ወይንሸትን። የጋሽ ወርቁን ልጅ።»

«የታች ሰፈሩን ወርቁ?»

«ስንት ወርቁ አለ?» አለኝ።

እልልታው ቀረ። ውሃ ጠጣሁ። «ጥሩ ልጅ ናት» አልኩ። ደግሞም ናት። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ከወገቧ ዝቅ ብላ ነው ሰላም የምትለኝ። አንድ ነውር ንገሪን ብባል የምናገረው የለኝም። ይህን የምጽፈው በኋላ «ፋናዬ ተቃወመች» የሚል ቢመጣ እንዲያ እንዳልነበረ ለራሴ እንድመሰክር ነው። እኔ ያልኩት «ትንሽ እናስብበት» ብቻ ነው።

ምኑን እንደምናስብበት አልጠየቀኝም።

ጥር 27

ሽንኩርት ነቀላ። ከንጋት ጀምሮ እግሬ ላይ ነኝ። ሙቀቱ ገና በጥር እንዲህ ከሆነ በሚያዝያ ሸዋ ሮቢት ምን ልትሆን ነው? ሄኖክ መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ሽንኩርቱን አያለሁ። ሄደ።

የካቲት 1

ሰላማዊት ከደብረ ሲና ደወለች። ታናሽ እህቴ ናት፤ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ነው እሷ ዘንድ የሚደርሰው።

«አብደሻል?» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳትል። «የአያቶቻችንን የቤት ሰዎች ልጅ?» ከዚያ ያቺን ቃል ተናገረቻት። እዚህ አልጽፋትም፤ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ልጆች እንዳይሰዳደቡባት የገረፍኩባት ቃል ናት።

«ስልክ ላይ ቀስ በይ» አልኳት።

«ምን ቀስ እላለሁ? አገር የሚያውቀው ነው። ፊታውራሪ ደምሰው መቃብራቸው ውስጥ ይገለበጣሉ።»

ፊታውራሪ ደምሰው ቅድመ አያታችን ናቸው። ሮቢ ወንዝ ዳር ያለውን እርሻ ያቀኑት እሳቸው ናቸው፤ ጥጥና ብርቱካን ነበር። ደርግ ወረሰው፣ የመንግሥት እርሻ ተባለ፣ ከዚያ ወና ቀረ። ላይኛው ግቢ ፈርሷል። ታች ሰፈር ግን አለ፤ ያኔ እርሻውን ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ልጆች እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ሰላማዊት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለች። «አንቺ ለምን ክፉ ትሆኛለሽ? ሰባት ቤት ይቆጠር በይ። እነሱ ሦስት ላይ ይቆማሉ። ከሦስት በላይ ማን እንደወለዳቸው አያውቁም። ቆጠራው ራሱ ያፈርሰዋል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ያለችው እውነት ነው። ሽማግሌ ከመቁረጡ በፊት የሴቷም የወንዱም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ አያት ቅድመ አያቱን ይጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻ የለም። ደንብ ነው። እኔ ያመጣሁት አይደለም።

የካቲት 3

ለሄኖክ «ደንቡ ይፈጸም፣ ሰባት ቤት ይቆጠር፣ ከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ግን «እሺ እማዬ፣ ይቆጠር» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም። እንዲያውም ስቆ ወጣ። ማታ ደግሞ መጥቶ «በምትኩ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለ፤ የፊታውራሪን እርሻ እንድጎበኝ። ወጣቶቹ ጠርገው ለጎብኚ ከፍተውታል። እሑድ እሑድ የምታስጎበኘው ወይንሸት ናት።

«የገዛ ቅድመ አያቴን ቤት ሰው ሊያስጎበኘኝ ነው?» አልኩት።

«ላይኛውን ግቢ ታውቂዋለሽ። ታችኛውን ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

ወርጄ አላውቅም። ልጆች ሳለን «እንዳትወርዱ» ነበር የምንባለው።

የካቲት 9

ሄድኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለቀብር እንደሚሄድ ሰው።

መንገዱ ሰሞኑን ስለተከፈተ ከደብረ ብርሃን የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ። ወይንሸት ከእነሱ ጋር ቀላቀለችኝ፤ ማን እንደሆንኩ አልተናገረችም። መጀመሪያ ላይኛው ግቢ ወሰደችን። የድንጋዩ ግድግዳ አለ፣ ደረጃው አለ። እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን የበላንበት ቀን ትዝ አለኝ። ከዚያ ጥጥ ወደሚፈለቀቅበት ቤት ወረድን። «ጥጡን የሚፈለቅቁት ሴቶቹ ናቸው» አለች። «ሌሊት ደግሞ እዚሁ ይተኛሉ። በሩ ከውጭ ነው የሚዘጋው።» መወርወሪያው የነበረበት ቀዳዳ አሁንም ግንቡ ላይ አለ። አንዱ አስተማሪ ጣቱን ከተተበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልቆጣው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ቦዩ ዳር አቆመችን። «ከወንዙ እስከዚህ ድንጋይ ሰብረው ያመጡት ሰዎች ከሩቅ አገር እየተገዙ የመጡ ናቸው። ስማቸው እዚህ ሲደርስ ነው የተቀየረው፤ የጌታው ቤት ያወጣላቸዋል። ቦዩ ዛሬም ያው ቦይ ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ የምታዩት ሽንኩርት ብዙው በዚህ ውሃ የበቀለ ነው።»

የእኔ ሽንኩርት ነው። ስሜን ግን አልጠራችም።

አንዲት አስተማሪ «የባለቤቶቹ ዘሮች አሁን የት ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ወይንሸት ወደ እኔ አላየችም። «እዚሁ አሉ። ደህና ሰዎች ናቸው» አለች። አንገቴ ላብ በላብ ሆነ። ደህና ሰዎች መባል እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ እኔን ወደ ታች ሰፈር ወሰደችኝ። የአያቷ እህት ውባለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ በጣም አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን አይቶ አይጠግብም። «እንደምን ነሽ ውባለም?» አልኳት። ወይንሸት ቀና ብላ አየችኝ። ለካ «አንቺ» ማለቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ታች ሰፈርን አንቱ ብዬ አላውቅም፤ አፌ የለመደውን ነው ያወጣው።

ውባለም ወይንሸትን «ውሃ አምጪልኝ» ብላ አራቀቻት። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ።

ደክሞኛል።

የካቲት 10

ትናንት ውባለም ያለችኝን አልጻፍኩም። ያረጀች ሴት ናት፤ ትሳሳታለች።

የካቲት 12

እንቅልፍ የለም። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

እንዲህ ነው ያለችው፦ «ልጅሽን አልጠላሁትም። ግን ይህ ጋብቻ አይሆንም። ወይንሸት ዘመዱ ናት። በአራት ቤት ትገናኛላችሁ።»

«ከማን ጋር?» አልኳት፤ እየሳቅኩ ነበር።

«አያቴ ሁሉአገርሽ ባሪያ ነበረች። ቃሉን እኔ ስናገረው አያቃጥልሽ፤ የእኛ ነው። ጥጥ ቤት ነበር የምታድረው። ፊታውራሪ ደምሰው ከእሷ አባቴን ወለዱ፤ አገኘሁን። አገኘሁ እኔንና ገብሬን ወለደ፣ ገብሬ ወርቁን፣ ወርቁ ወይንሸትን። አንቺ ደግሞ ከልጃቸው ከአያትሽ ከይፍሩ ወገን መጣሽ። ይፍሩና አባቴ ወንድማማች ናቸው። አንዱ በቅሎ ላይ ሲቀመጥ አንዱ ይስብለታል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አባቴ አደራ ብሎናል። ስማቸውን ከጠራችሁ መሬት ሊወስዱ መጡ ይሏችኋል ብሎ። እኛ በልባችን ነው የምንቆጥረው። ታች ሰፈር ሦስት ላይ የሚቆመው አራተኛውን ስለማያውቅ መሰለሽ?» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሽማግሌ ፊት አንቺ ተናገሪው። እኔ ብናገር ተጠጉ ይሉናል። ካንቺ አፍ ከወጣ ይታመናል። ልጆቹ በኃጢአት እንዳይጋቡ።»

እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ።

እግዚአብሔር ይየው፣ ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጋብቻውን የሚያፈርስ ነገር ስፈልግ ነበር፤ ይኸው ከሴትየዋ ከራሷ አፍ። ከእሾህ አጥሩ ሳልደርስ ግን ገባኝ። ይህን የምናገረው ምን ብዬ ነው? «ልጄ አያገባትም፣ የሥጋ ዘመዳችን ናትና» ብዬ? የባሌ ወንድም ታምራት ፊት? ሰላማዊት ፊት? ታች ሰፈር ሁሉ ከነገ ጀምሮ አክስቴ፣ የአጎቴ ልጅ ሊለኝ?

ደግሞ ውሸት ሊሆን ይችላል። ማን አየ?

የካቲት 16

ነገ ጾም ይገባል። ሄኖክ ሥጋ ገዝቶ መጣ። «ጉብኝቱ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ቆንጆ አድርጋ ታስረዳለች» አልኩት። ጠብቆ ነበር፤ ሌላ እንድናገር። ሥጋውን ከተፍኩ።

የካቲት 25

ታምራት ዘንድ ሄድኩ። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሽማግሎቹን የሚመራው እሱ ነው። «ቆጠራው ቢቀርስ?» አልኩት። «ዘመኑ አልፎበታል።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ካልተቆጠረ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽው?»

«ሳስበው ልጆቹን ማስጨነቅ ነው።»

«ተይ እንጂ ፋናዬ። አሁን ብናስቀረው የምንደብቀው ነገር ያለ ይመስላል።» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቆጠራው ደብረ ዘይት እሑድ እሱ ቤት ይሁን ተባለ።

መጋቢት 4

ውሃ። ወትሮ ተራችን ጧት ነው፤ ላይኛው ወገን ጧት ያጠጣል፣ ታች ሰፈር በተረፈው። ዛሬ የቦዩን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባቱ አብዱልሃዲ «እትዬ ፋናዬ፣ ታች ሰፈሮች ጧቱ በዙር ይሁን ብለው አመልክተዋል» አለኝ።

«ከጥንትም እንዲህ ነው የኖርነው» አልኩት።

«እሱማ ነው። ከጥንት ማን እንዳወጣው ጠየቁኝ፤ ወላሂ መልስ አጣሁ። እርስዎ ያውቁ እንደሁ ብዬ ነው።»

ሰውየው አይሳደብም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠይቀው። እሱ ነው የሚያናድደው። «ኮሚቴው ይወስን» ብዬ ተነሣሁ። ከማሽላው ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ «የሽንኩርቷ እመቤት ከታች ሰፈር ልትዛመድ ነው አሉ» ስትል ሌላዋ «ልትዛመድ? ድሮስ?» አለች። ሳቁ። ምን ማለቷ ነው? ሰው ሁሉ ያውቃል እንዴ?

መጋቢት 9

ሰላማዊት ሁለቴ ደወለች። አላነሣሁም።

አባቴ የተናገረው ነገር ይኖር እንደሆን እያስታወስኩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፦ አንድ ሽማግሌ ከታች መጥቶ በር ላይ ቆመ፣ አባቴ ተነሥቶ ወጣ፣ ከኪሱ የሆነ ነገር ሰጠው፣ ብዙ ቆመው አወሩ። «ማነው?» ስለው «ማንም» አለኝ። ማንም ላልሆነ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ግን አይቼው አላውቅም።

መጋቢት 14

ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ግን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ታምራት ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ከእኛ ወገን ታምራት፣ እኔ፣ ሄኖክ፤ ጎረቤት ነውና አብዱልሃዲም ተጠርቷል። ከእነሱ ወገን ወርቁ፣ ሁለት ሽማግሎች፣ ውባለም። ወይንሸት አልመጣችም፤ ሙሽራ አትገኝም።

የአባቱን ወገን ታምራት ቆጠረ፤ ከእነሱ ጋር የሚያገናኝ የለም። በእናቱ በኩል ተራው የእኔ ሆነ። «እኔ ፋናዬ፣ አባቴ ጥላሁን፣ አያቴ ይፍሩ፣ ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ደምሰው…» እያልኩ ሰባት ሞላሁ።  ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ነው የተናገርኩት።

ወርቁ ተነሣ። ቆቡን በእጁ ይዟል። «ወርቁ፣ ገብሬ፣ አገኘሁ።» ቆመ።

«የአገኘሁስ አባት?» አለ ታምራት።

ወርቁ መሬት መሬት አየ። አሳዘነኝ፤ እውነቴን ነው። እዚህ ላይ እንዲያልቅ ነበር የፈለግኩት። እኔ ምንም ሳልናገር፣ እነሱ ሳይችሉ፣ በዚያው እንዲፈርስ።

ውባለም ከተቀመጠችበት «ደምሰው» አለች።

«የቱ ደምሰው?»

«አሁን የተጠሩት። ፊታውራሪ ደምሰው። እናቱ ደግሞ ሁሉአገርሽ ናት፤ እሷንም ቁጠሯት።»

ከማንጎው ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። አብዱልሃዲ «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። ታምራት ወደ እኔ ዞረ። «ፋናዬ፣ ይህ ያንቺ ቤት ነው። እኛ አናውቅም። እውነት ነው?»

«አዎ» ብል በቃ ነበር። ከጥር ጀምሮ ስመኘው የነበረው እዚያ ተቀምጦ አንዲት ቃል ይጠብቃል። ውባለም ታየኛለች፤ አትለምነኝም፣ ታየኛለች ብቻ። ሄኖክም ያየኛል።

«ከቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም» አልኩ።

«ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም።»

ታምራት ተነፈሰ። ከሽማግሎቹ ጋር ተያዩ፣ ትንሽ ተማከሩ። «እንግዲህ የቤቱ ባለቤት ዝምድና የለም ካለች የለም ነው። የሚከለክለው የታወቀ አባት ነው፤ ያልታወቀ አይከለክልም። ልጆቹ ይጋቡ» አለ። ወርቁ ቁጭ አለ። የታምራት ሚስት ከጓዳ እልል አለች።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ እልልታውን ስሰማ ነው። ያቺን ልጅ በገዛ አፌ ሰጠሁት። ዘመዳችን አይደሉም ብዬ፣ በዚያው ቃል ዘመድ አደረግኳቸው።

ውባለም ስትወጣ አጠገቤ ቆመች። «እኔ የቆጠርኩት ልጠጋሽ አይደለም» አለችኝ። 

መጋቢት 15

አልተነሣሁም። ጉንፋን ነው አልኳቸው።

መጋቢት 23

ሄኖክ እየዘፈነ ነው የሚታጠበው። ልጄን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሠርጉ ግንቦት ሦስት ተባለ። ድንኳን፣ ወንበር፣ በርበሬ። ሰው ሁሉ «ትልቅ ሰው ነሽ፣ ዘመናዊ ነሽ» ይለኛል። አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ አቅፋ «ልብሽ ሰፊ ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

ሰላማዊት «ሠርጉ ላይ አታዩኝም» አለች። ከዚያ «የትኛውን ቀሚስ ልልበስ?» አለች።

ሚያዝያ 2

የጾሙ ምግብ አይወርድልኝም። ወይንሸት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየገባች ታግዘኛለች፤ በርበሬውን ስንለቅም ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። ከቁንጮው እየቀነጠሰች ሦስት ሦስት እያደረገች ነው የምታስቀምጠው። አባቴም እንዲያ ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ሊያደርግ ይችላል።

«እትዬ ፋናዬ፣ ደክሞዎታል፣ ይረፉ» አለችኝ። ልነግራት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤት ገባች።

ሚያዝያ 10

ስቅለት። ከጧት ጀምሮ ስንሰግድ ዋልን። ጉልበቴ አሞኛል፤ አሞኝም ደስ ብሎኛል፣ ቢያንስ የሚያመኝ ቦታ ታወቀ።

ውባለም ከሴቶቹ መጨረሻ ረድፍ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ትሰግድ ነበር። በዚያ ዕድሜ። ታች ሰፈሮች ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆሙት፤ ማን ቁሙ እንዳላቸው አላውቅም፣ እኔም ከፊት መቆሜን ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ዞሬ አየኋት። አየኋቸው። ሲነሡ እጃቸውን መሬት ተደግፈው ነው። የአባቴ አጎት ልጅ ናቸው፤ በእድሜያቸው ፊት ተቀምጬ «አንቺ» ስላቸው ኖርኩ።

ወሰንኩ። ከፋሲካ በኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ለሄኖክ፣ ከዚያ ለታምራት። ልጄ ይጠላኛል፤ ይጥላኝ። ፈርቻለሁ፣ ግን ከመጋቢት ወዲህ ዛሬ ነው እንደ ሰው የተነፈስኩት።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ወይንሸት ከአባቷ ጋር ዶሮ ይዘው መጡ። ቤቱ ሞቅ አለ። ዛሬማ እንዴት ይነገራል?

ሚያዝያ 15

ነገርኩት።

በረንዳው ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር። «ሄኖክ፣ ቆጠራው ቀን ዋሽቻለሁ» አልኩት። «እትዬ ውባለም ያሉት እውነት ነው። እኔ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ታምራት ዘንድ ሄጄ ልናገር ነው። ይቅር በለኝ።» እያለቀስኩ ነበር።

ብሩሹን አስቀመጠ። አልደነገጠም። አለመደንገጡን ሳይ እኔ ደነገጥኩ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለ።

«ምኑን?»

«እትዬ ውባለም ለወይንሸት ነው መጀመሪያ የነገሯት፣ ገና ጥር ላይ። ተዉ ብለውን ነበር። ወይንሸት ቆጠራ ከመጣ አለቀልን ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። እኔ አታልቅሺ አልኳት።»

«ለምን?»

ብሩሹን መልሶ አነሣ። «እናቴ ትክዳለች አልኳት።»

 በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደገፍኩ።

«እትዬ ውባለም ሽማግሌ ፊት መናገራቸው አይቀርም ነበር፤ እሳቸው ለነፍሳችን ብለው ነው። ግን ቢናገሩም ባይናገሩም አንቺ አይደለም እንደምትይ አውቅ ነበር። ስለዚህ ነው ቆጠራውን እሺ ያልኩሽ።»

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት። 

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያሳደግሽኝ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንዲያውም መጥቶ አቀፈኝ።

«አሁን ግን ልናገር ነው» አልኩት ደረቱ ላይ ሆኜ። «ንጹሕ ልሁን። ኃጢአት ነው።»

«ሁሉአገርሽን በሕይወት እያለች ሰው ብሎ የቆጠራት አልነበረም። ዛሬ እኛን ለመለያየት ሲሆን ነው የምትቆጠረው? አንድ ትውልድ አልፎ፣ ሌላ አልፎ? አትናገሪም እማዬ። ስለ እኔ ብለሽ እንደካድሽ ቆዪልኝ።»

«ለእትዬ ውባለምስ ምን ልበላቸው?»

«ምንም» አለኝ። «ከዚህ በፊትስ ምን ብለሻቸው ታውቂያለሽ?»

ጫማውን አድርጎ ሄደ። እኔ ስለ እሱ ስጨነቅ፣ ልጎዳው ነው ብዬ ስንት ቀን ስንሰቀሰቅ፣ እሱ መክዳቴን እንደ ወጉ ከሠርጉ እቃ ጋር አዘጋጅቶት ነበር። ልቤ ተሰብሯል። ደግሞም አልተሳሳተም።

ሚያዝያ 24

ለአብዱልሃዲ ጧቱ በዙር ይሁን አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለኝ፣ «ኮሚቴውም ይደሰታል።» ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ወደ ቤት መጣሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

ግንቦት 3

ሠርግ። ግርግር ሆኖ ዋለ፣ እግሬ አብጧል፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩ አልጽፍም።

ወይንሸት አማረች። ጉልበቴን ስትስም «እማዬ» አለችኝ፣ ቀና አደረግኳት፣ አለቀስኩ፤ ሰው የደስታ ነው አለ። ደስታም ነበረበት።

እትዬ ውባለም አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። ነጭ ለብሰው፣ በምርኩዝ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው መቀመጫ ሲፈልጉ ሮጬ ሄድኩ። «እንኳን መጡ እትዬ ውባለም» አልኳቸው። አንቱ ስላቸው ትንሽ አየት አደረጉኝ። እጃቸውን ይዤ ከእኛ ወገን፣ ከፊት፣ ከራሴ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። እንጀራ እኔው አቀረብኩላቸው። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። ትንሽ ቆይተው «ውሃው ጧት ደረሰን» አሉኝ። በዚህች ብቻ ልቤ ሞላ።

ሰላማዊት ከእነ ጓደኞቿ ዘግይታ ገባች። አንዷ፣ እኔ የማላውቃት የደብረ ሲና ሴት፣ ጎንበስ ብላ እትዬ ውባለምን ሳመች። «እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፈገግ ብላ፣ «ዘመድሽ ናቸው?» አለችኝ።

እትዬ ውባለም መጉረሳቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ ሄኖክም ያየኛል።

«የሙሽራዋ ወገን ናቸው» አልኩ።

እትዬ ውባለም እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ምርኩዛቸውን ፈለጉ፣ ተነሡ፣ እየተደገፉ ወደ ድንኳኑ መጨረሻ፣ ታች ሰፈሮች ወደተቀመጡበት ሄደው ተቀመጡ።